አንድ ሜትር ከሠላሳ

አራፕ ሲጊላይ ሳይጎነብስ የሚገባበት በር አንድ ብቻ ነበር፤ የገዛ ቤቱ በር። እሱንም ራሱ ስለ ሠራው ነው። ቁመቱ አንድ ሜትር ከዘጠና አንድ ይሆናል። ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ሰው እንዳይጋርድ ብሎ መጨረሻው አግዳሚ ላይ ይቀመጣል፤ እዚያ ሌላ ሰው ስለማይቀመጥ ስብከቱን የሚሰማው ብቻውን ነው። ፋብሪካው ውስጥ በሌለበት «ቀጭኔው» ይሉታል። ይህን ያውቃል፤ አይከፋውምም።

ሥራው ሻይ ማድረቅ ነው። ከከሪቾ ወደ ሊተይን በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው ፋብሪካ ሲቀጠር የሃያ ስምንት ዓመት ሰው ነበር፤ አሁን ስልሳ ሊሞላው አንድ ዓመት ቀርቶታል። መጀመሪያ ማገዶ ተሸከመ፣ ቀጥሎ ቦይለር አነደደ፣ በመጨረሻ ማድረቂያው ጋ መጣና እዚያው ቀረ። ማድረቂያው ሁለት አውቶቡስ ተከታትለው የቆሙ ያህል ይረዝማል። በአንድ አፉ የተፈጨው እርጥብ ቅጠል ይገባል፣ በሌላው አፉ ጥቁርና ደረቅ ሆኖ ይወጣል። የማድረቂያው ሰው የሚጠብቀው ሙቀቱን ነው። ሙቀቱ ካነሰ ቅጠሉ ተቀቅሎ ይቀራል፣ ከበዛ ያርራል፤ ሁለቱንም ሞምባሳ ያለው ቀማሽ በአንድ ጉንጭ ይለየዋል። ስለዚህ ሲጊላይ በየሩብ ሰዓቱ የሙቀት መለኪያውን ጌጅ ያያል፣ ያየውን ቁጥር መዝገብ ላይ ይጽፋል፣ እንፋሎቱን ትንሽ ይከፍታል ወይም ትንሽ ይዘጋል። በአንድ ፈረቃ ሠላሳ ሁለት ጊዜ።

ጌጆቹ ሦስት ናቸው፤ ከማድረቂያው አጠገብ ባለው ምሰሶ ላይ በብረት ሰሌዳ ተደርድረዋል። የዛሬ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ማድረቂያው አዲስ ሲተከል የዚያን ጊዜው ሥራ አስኪያጅ ሲጊላይን ጠርቶ «የት ቢሆን ይመችሃል?» ብሎ ጠየቀው። ሲጊላይ ቀጥ ብሎ ቆመና ጣቱን ከዓይኑ ፊት ለፊት ምሰሶው ላይ አሳረፈ። «እዚህ» አለ። እዚያው ሰረሰሩት። ፋብሪካ በኖረበት ዘመን ሁሉ ሐሳቡን የተጠየቀው ያን ቀን ብቻ ስለነበር በደንብ ያስታውሰዋል። ማታ ቤቱ ገብቶ ለሚስቱ ለታፕኪገን ሁለት ጊዜ ነግሯታል።

በዚያን ጊዜ ማድረቂያው ዙሪያ ስድስት ሰዎች ይሠሩ ነበር። አካፋ የሚይዝ ነበረ፣ የሚጠርግ ነበረ፣ ጆንያ የሚይዝ ነበረ። ጩኸቱ ጆሮ ስለሚደፍን የሚነጋገሩት በእጅና በቅንድብ ነበር፤ ቢሆንም ይሳሳቁ ነበር። ከዚያ ቅጠሉን የሚያመላልስ ቀበቶ መጣ፣ ቀጥሎ የሚጠርግ ማሽን መጣ፣ ሰዎቹ አንድ በአንድ ሄዱ። አሁን በፈረቃ አንድ ሰው ነው። ሲጊላይ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት እስከ ስምንት ሰዓት ይሠራል። ስምንት ሰዓት ላይ ተረኛዋ ከልብስ መቀየሪያው በኩል ትመጣለች፤ መዝገቡ በሩ አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ላይ ይጠብቃል፤ እሱ ይፈርማል፣ እሷ ትፈርማለች። «ደህና ነው?» ትላለች። «ደህና ነው» ይላል። ሰርቪሱ ከአሥር ደቂቃ በኋላ ስለሚነሳ ዞር ሳይል ይወጣል።

ታፕኪገን ከሞተች ሦስት ዓመት አለፋት። ኩላሊቷ ነበር። ልጃቸው ቼሮቲች ናኩሩ ባሏ ዘንድ ናት፤ ሆስፒታል ውስጥ ልብስ ታጥባለች። ሲጊላይ ላሚቱን ያልባል፣ የበቆሎ ገንፎውን፣ ኡጋሊውን፣ ለአንድ ሰው በሚበቃ ልክ ያገነፋል፣ ሬዲዮ ከፍቶ ይበላል።

መጋቢት ላይ፣ ዝናቡ ከመግባቱ በፊት፣ ሙቲንዳ የሚባል ኢንጂነር ከናይሮቢ መጣ። የካምባ ሰው ነው፤ አርባ ዓመት ይሆነዋል፣ ሆዱ ወጣ ያለ፣ ወሬ የሚወድ። ካርቶን ተሸክሞ ነበር። ውስጡ መካከለኛ የሻይ ትሪ የሚያህል ስክሪን አለ፤ ጌጅም ቫልቭም መዝገብም እሱ ሊሆን ነው፤ የሚታዘዘው በጣት በመንካት ነው።

«ምዜ፣ ይቺን የት ልስቀላት?» አለ ሙቲንዳ። በዚያ አገር ሽማግሌን ሁሉ ምዜ ነው የሚሉት።

«አሮጌው ካለበት።»

ሙቲንዳ ጌጆቹ ፊት ቆመና አንገቱን አቀና። ወደ ሲጊላይ ዞረ፣ እንደገና ጌጆቹን አየ።

«እኔ ቁመቴ ምን ያህል ይመስልዎታል?»

«እኔ እንጃ። አጭር ነህ።»

«ናይሮቢ ውስጥ አጭር ብሎ የሰደበኝ ሰው የለም። አንድ ሜትር ከሰባ ሁለት ነኝ። እዚህ ስቆም ግን ጣሪያ የሚያፈስ እንደሆነ የማጣራ ነው የምመስለው።» የሻይ ስኒውን ካስቀመጠበት ከመስኮቱ ጠርዝ አነሳ። «ጌጅ ሲሆን ቀና ብሎ ማየት ብቻ ነው፣ አለቀ። ይቺ ግን ስትነካ ነው የምትሠራው። እስቲ ጣትዎን ከጌጁ መሃል ላይ ያድርጉና ይቆዩ፤ እኔ ሻዬን ጠጥቼ እስክጨርስ።»

ሲጊላይ ጣቱን አደረገ። መጀመሪያ ምንም አልነበረም። ሙቲንዳ ሻዩን እፍ እያለ ይጠጣል፣ ያቆማል፣ ስለ መንገዱ ያወራል፣ እንደገና እፍ ይላል። ስኒው ሲጋመስ የሲጊላይ ትከሻ መንደድ ጀመረ።

«ከበደዎት እንዴ?»

«አልከበደኝም።»

«እንግዲያው አንድ ስኒ ልድገም።»

ሲጊላይ እጁን አወረደ። ሙቲንዳ አልሳቀም፤ ከኪሱ ትንሽ ደብተር አውጥቶ የሆነ ነገር ጻፈ።

«ሌሎቹ ፈረቃዎች የማን ናቸው?»

«ከስምንት ሰዓት በኋላ ቼፕንጌኖ የምትባል ሴት ናት። ሌሊቱን ንያቡቶ፣ የኪሲ ሰው ነው።»

«ቁመታቸውስ?»

ሲጊላይ አሰበ። ከቼፕንጌኖ ጋር ስድስት ዓመት ተረካክቧል። ፊቷን ያውቀዋል፣ ፊርማዋን ያውቀዋል። ቁመቷን ግን ሊያስታውስ አልቻለም፤ ለእሱ ሰው ሁሉ ታች ነው ያለው።

«እንደ ማንኛውም ሰው ናቸው» አለ።

ሙቲንዳ ኬብሉ የሚያልፍበትን ለማየት ወደ ምሰሶው ጀርባ ዞረ። እዚያ አንድ አሮጌ የሻይ ሳጥን ተገልብጦ ተቀምጧል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«መቀመጫ ነው። አንዱ የሚቀመጥበት ይሆናል።»

ሙቲንዳ ጎንበስ ብሎ በመዳፉ ዳሰሰው። እንጨቱ መሃል ላይ ሁለት ቦታ ጎድጉዶ፣ ለስልሶ፣ የጫማ ጭቃ ይዟል። «ምዜ፣ ሰው በእግሩ አይቀመጥም» አለ።

ያን ቀን ሲጊላይ በስምንት ሰዓቱ ሰርቪስ አልሄደም። ሙቲንዳ ተረኛዋን እንዲያስተዋውቀው ስለለመነው ነው። ቼፕንጌኖ መጣች፣ ፈረመች፣ «ደህና ነው?» አለች፣ «ደህና ነው» አላት። ከዚያ ወደ ምሰሶው ሄደች። ሳታይ፣ በቦቲ ጫማዋ ጫፍ ሳጥኑን ከምሰሶው ጀርባ ጎትታ አወጣችው፣ ወጣችበት፣ ጌጁን አነበበች፣ ወረደች፣ ጻፈች፣ ሳጥኑን በእግሯ ወደ ቦታው መለሰችው። ይህን ሁሉ ያደረገችው ሰው በር ከፍቶ እንደሚገባ ያህል ሳታስበው ነው። ቆማ ስትታይ የሲጊላይ ትከሻ ላይ እንኳ በደንብ አትደርስም።

ሲጊላይ ጠጋ አለ። ከማድረቂያው ጩኸት በላይ እንዲሰማ ጎንበስ ማለት ነበረበት።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ምኑ?»

«ሳጥኑ።»

«ከመጣሁ ጀምሮ። እኔ ሳልመጣም ነበረ። ከእኔ በፊት የነበረችው ናት ያስረከበችኝ።» ፈገግ አለች፣ ከዚያ ፊቱን አይታ ፈገግታውን ተወችው። «ስም እንኳ አለው። አይቀየሙኝም?»

«ማን ይሉታል?»

«የቀጭኔው መሰላል።»

ሙቲንዳ ሳል ይዞት ዞር አለ። ሲጊላይ አልሳቀም፣ አልተቆጣምም። ከቦይለሩ ቤት እስከ ማሸጊያው ያለው ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ስም እሱ ዛሬ መስማቱ ነበር የገረመው።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«መቼ ልንገርዎት ምዜ? ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ እርስዎ ሰርቪስ ውስጥ ነዎት።» እጅጌዋን ሰብሰብ አድርጋ ሌላ ቁጥር ልትጽፍ ስትል የእጅ አንጓዋ ላይ ጠቆር ያለ ረጅም ጠባሳ አየ። ማየቱን አየችና ሳይጠይቃት ነገረችው። «በዝናብ ጊዜ ሳጥኑ ያንሸራትታል። ቱቦውን ይዤ ነው የተረፍኩት። ቱቦው ትኩስ ነበር፣ ያው።»

እንደ ቀላል ነገር ተናግራ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ሲጊላይ ቤቱ ሲደርስ አሥር ሰዓት አልፎ ነበር። ላሚቱን አለበ፣ እሳት አነደደ፣ ውሃ ጣደ። ጨው ሊያወርድ እጁን ወደ መደርደሪያው ሰደደ፤ እጁ እዚያው ቀረ።

መደርደሪያውን የሠራው ቼሮቲች ሳትወለድ ነው። ከጽድ እንጨት፣ ሦስት ሳምንት ፈጅቶ፣ ጠርዙን በጠርሙስ ስባሪ እየፋቀ አለስልሶ። ግድግዳው ላይ የሰቀለው ዓይኑ ፊት ለፊት ነው። ስኳሩ፣ ሻዩ፣ ጨውና ክብሪቱ ሁሉ እዚያ ነው የሚቀመጠው። ታፕኪገን ብብቱ ሥር የምትገባ ሴት ነበረች። ሥሩ ሁልጊዜ አንድ በርጩማ ይቆም ነበር፤ እሱ ሽንኩርት ስትልጥ የምትቀመጥበት ነው ይል ነበር። ከቀብሩ በኋላ መንገድ ዘጋብኝ ብሎ ወደ በረንዳው አውጥቶታል።

እሱ ቤት ሲኖር «ጨውን አውርድልኝ» ትለው ነበር። ያወርድላታል። ልትቀልድ፣ ልትላፋው መስሎት ደስ ይለው ነበር። እሱ በሌለበት ሰዓት ጨው ማን ያወርድላት እንደነበር በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ አንድ ቀን አስቦ አያውቅም።

ስልኩን አንስቶ ቼሮቲች ጋ ደወለ።

«ባባ፣ ደህና ነህ? ምን ሆንክ?» በአዘቦት ቀን ደውሎላት ስለማያውቅ ደነገጠች።

«ምንም። ያ በርጩማ ለምን ነበር?»

«የቱ በርጩማ?»

«ማድ ቤት የነበረው። መደርደሪያው ሥር።»

ሳቀች። «ለመውጣት ነዋ። እኔም እማም እሱ ላይ ነው የምንወጣው የነበረው። ይሄ የፊት ጥርሴ የተሸረፈው ከእሱ ላይ ወድቄ አይደለም እንዴ።»

«ትምህርት ቤት ነው ብለሽኝ ነበር።»

«እማ ናት እንደዚያ በይው ያለችኝ።»

«ለምን?»

አሁን ሳቁ ከድምፅዋ ወጣ። «መደርደሪያውን ስትሠራው ደስ ብሎህ ስለነበር። ሰው ሲመጣ ሁሉ ታሳይ ነበር አሉ። ‹ከፍ አለብኝ ብለው ነቅሎ ይጥለዋል፣ ሌላም አይሠራልኝም› ነው ያለችኝ። ባባ፣ ምን ሆነህ ነው አሁን ይህን የምትጠይቀኝ?»

«ፋብሪካ ውስጥ አንድ ነገር ሊሰቀል ነው» አላት። ከዚያ በላይ ሊያስረዳት አልቻለም። ልጆቿ ደህና መሆናቸውን ጠየቃት፣ ደህና ናቸው አለችው።

ኡጋሊውን ያለ ጨው በላ። ከበላ በኋላ መዶሻውን ፈልጎ አገኘና መደርደሪያው ፊት ቆመ። ዝቅ ሊያደርገው ነበር። ከዚያ ለማን ብሎ እንደሆነ ራሱን ጠየቀና መዶሻውን መልሶ አስቀመጠ። ሲያስበው በጣም የከበደው የመደርደሪያው ከፍታ አልነበረም። በገዛ ቤቱ ሦስት ሰው ሆነው ሲኖሩ ሁለቱ በፍቅር ተማክረው አንድ ነገር ደብቀውታል፤ ፋብሪካውም ለካ እንደ ቤቱ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ሙቲንዳ በስክሪኑ ልክ ካርቶን ቆርጦ ጠበቀው። ሌሊቱን የሠራው ንያቡቶም እንዲቆይ ተለምኖ እያዛጋ ቆሞ ነበር። ንያቡቶ አጭርም ረጅምም አይደለም፤ ጌጁን የሚያነበው በእግር ጣቱ ቆሞ እንደሆነ ሲጊላይ ያን ቀን አወቀ። ቼፕንጌኖም ተለምና ፈረቃዋ ሳይደርስ በጠዋት መጣች። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሦስቱ የማድረቂያ ሰዎች በአንድ ላይ አንድ ምሰሶ ፊት ሲቆሙ ይህ የመጀመሪያቸው ነበር። ንያቡቶ «እንግዲህ የቤተሰብ ፎቶ እናንሳ» አለ፤ ቼፕንጌኖ ሳቀች።

ሙቲንዳ እያንዳንዳቸውን ቦቲያቸውን እንዳደረጉ አቁሞ ከመሬት እስከ ዓይን፣ ከመሬት እስከ ትከሻ፣ ከመሬት እስከ ክርን በሜትር ለካቸውና ጻፈ። ካርቶኑን መጀመሪያ በአሮጌው ቦታ ለጠፈው። ቼፕንጌኖ ክንዷን ዘረጋች፤ የላይኛው ረድፍ ላይ አልደረሰችም። ዝቅ አደረገው። ሁለተኛው ላይ ደረሰች፣ ግን የአደጋ ማቆሚያው ምልክት ያለው ጥግ ላይ ለመድረስ ተረከዟን አነሳች።

«ይሄ ይበቃል» አለች። «ከሳጥኑ ይሻላል።»

«ተረከዝሽ ተነስቷል» አለ ሲጊላይ።

ሁሉም ዞረው አዩት። እስካሁን ቃል አልተነፈሰም ነበር።

«ትንሽ ነው ምዜ።»

«በፈረቃ ሠላሳ ሁለት ጊዜ ነው። አውርደው ኢንጂነር።»

ሙቲንዳ አወረደው። አሁን የካርቶኑ መሃል ከወለሉ አንድ ሜትር ከሠላሳ ላይ ሆነ፤ የላይኛው ጠርዝ ከቼፕንጌኖ ዓይን ጋር ተስተካከለ፣ ክንዷም ከትከሻዋ በላይ ብዙ ሳይነሳ ሁሉም ጋ ደረሰ። ንያቡቶ ሞከረ፤ ተስማማው። ሲጊላይ ሲሞክር እጁ ያለ ችግር በክርኑ ቁመት ላይ አረፈ፤ አንገቱ ግን ጉድጓድ እንደሚያይ ሰው ታጠፈ።

«ከታች ወደ ላይ ትንሽ ጋደል ባደርጋት አንገትዎን ትምራለች» አለ ሙቲንዳ። ካርቶኑን ትቶ እውነተኛውን ስክሪን አምጥቶ ጋደል አድርጎ ያዘው። ጋደል ሲል ግን ጣሪያው ላይ ያለው ብርሃን የሚያሳልፈው ፕላስቲክ ቆርቆሮ እንዳለ መስታወቱ ላይ ወጣ፤ ቁጥሩ አልታይ አለ። መልሶ ቀና አደረገው፣ ትንሽ ብቻ አጋደለው፣ እንደገና ቀና አደረገው። እንዲህ ሲያደርግ አንድ ሰዓት ሄደ። በመጨረሻ ነጩ ብርሃን ከቁጥሮቹ በላይ የሚያርፍበትን ልክ አገኘና ምሰሶው ላይ በእርሳስ ምልክት አደረገ።

በዚህ መሃል ሥራ አስኪያጁ መጣ። ካርቶኑን አይቶ ፊቱን አጨማደደ።

«ይሄማ ዝቅ አለ። ጎብኚ ሲመጣ ከበሩ እንዲታይ ነው የምፈልገው። አሮጌው ቦታ ምን ሆነ? ለአራፕ ሲጊላይ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ተስማምቶታል።»

ሙቲንዳ ስለ ክንድና ስለ ዓይን ሊያስረዳ አፉን ከፈተ። ሲጊላይ ቀደመው።

«ለእኔ ተስማምቶኛል» አለ። «ለሌላ ሰው አልተስማማም። ጎብኚ ሻይ አያደርቅም።»

ሥራ አስኪያጁ ሲጊላይን ትክ ብሎ አየው። ይህ ሰው ስብሰባ ላይ እጁን አውጥቶ አያውቅም። «ጀርባህስ?» አለው።

«ጀርባዬ እዚህ የሚቆየው አሥራ አንድ ወር ነው።»

ሥራ አስኪያጁ ትከሻውን ነቀነቀና ሄደ። ሙቲንዳ ውሃ ልኩን አምጥቶ አስተካከለ፣ መሰርሰሪያውን ሰካ። በሦስተኛው ቀን ስክሪኑ በራ፤ ጌጆቹ ወረዱ፣ አሮጌው ቀዳዳ በሲሚንቶ ተደፈነ። ሳጥኑን ቼፕንጌኖ ራሷ ተሸክማ ቦይለር ቤት ወሰደችው፤ ለማገዶ።

እዚህ ላይ ነገሩ በደህና አለቀ ማለት ይቻል ነበር። ሆኖም ማንም ያላሰበው አንድ ነገር ተከተለ። ስክሪኑ ቁጥሩን ሁሉ ራሱ ይመዘግባል፤ ስለዚህ መዝገቡ ቀረ፤ በሩ አጠገብ ያለው ጠረጴዛም ወደ ማሸጊያው ተወሰደ። ተረኛ የሚመጣው ስሙን ስክሪኑ ላይ ይነካል፤ የሚሄደው ስሙን ነክቶ ይሄዳል። ርክክብ የለም። በመጀመሪያው ቀን ሲጊላይ ስምንት ሰዓት ላይ ስሙን ነክቶ ወጣ፤ ቼፕንጌኖ ገና ልብስ ትቀይር ነበር። በሁለተኛውም ቀን እንዲሁ፣ በሦስተኛውም። ሐሙስ ቀን ሰርቪስ ውስጥ ተቀምጦ ሳለ ከእሑድ ወዲህ ለማን ምን እንደተናገረ ለማስታወስ ሞከረ። ለላሚቱ ተናግሯል። ለሾፌሩ «እዚህ ጋ» ብሏል። ያ «ደህና ነው» የሚባል ነገር፣ በቀን አንዴ የሚጠየቀውና በቀን አንዴ የሚመልሰው፣ ምን ያህል ሲያቆየው እንደኖረ ያን ጊዜ ገባው።

አርብ ዕለት ስሙን ነካና ቆመ። ቼፕንጌኖ ቱታዋን እየቆለፈች መጣች።

«ምዜ፣ ምን ረሱ?»

«ምንም አልረሳሁም።»

«ሰርቪሱ እኮ ይሄዳል።»

«ይሂድ።» የሚናገረው አጥቶ ወደ ማድረቂያው አፍ ጠቆመ። «ዛሬ ቅጠሉ ጤዛ ይዞ ነው የመጣው። ስክሪኑ ሰማንያ አራት ዲግሪ ይልሻል፤ አትመኚው። እጅሽን ከትተሽ ጭመቂው። ከተጣበቀብሽ ገና ነው።»

«እኔ በማሽተት ነው የማውቀው» አለች። «መጠበስ ሲጀምር የበቆሎ ሽታ አለው። ግን ግራው በኩል ቶሎ ነው የሚደርቀው፤ ያንን ያውቃሉ?»

አያውቅም ነበር። በሩ ከሰዓት በኋላ ስለሚከፈት ነፋሱ ከዚያ በኩል እንደሚገባ ነገረችው፤ የእሱ ፈረቃ ጠዋት ስለሆነ አጋጥሞት አያውቅም። አሥር ደቂቃ ያህል እየተጯጯኹ አወሩ። ሲወጣ ሰርቪሱ ሄዷል። ስድስት ኪሎ ሜትር በእግሩ ገባ፤ ዝናብም መታው።

ከዚያ በኋላ አርብ አርብ እየቆየ ሄደ። መጀመሪያ ሾፌሩ ትንሽ ይጠብቀው ነበር፤ ኋላ አርብን ተወው። ሲጊላይ አንገቱን ያመው ጀመር፤ ማታ ማታ በሞቀ ጨርቅ ይይዘዋል። ለማንም አልተናገረም።

ጡረታው በየካቲት ደረሰ። ብርድ ልብስና ፔርሙዝ ሰጡት፣ ሥራ አስኪያጁ ንግግር አደረገ፣ ንያቡቶ ሌሊት ሠርቶ ሳይተኛ መጥቶ አጨበጨበ። ቼሮቲች ናኩሩ ና ብላው ሄደ፤ አሥራ ሁለት ቀን ቆየ። ሰዎቹ መልካም ናቸው፣ ቤቱ ግን ጠባብ ነው፣ ቀን ቀን ሁሉም ሥራ ይሄዳሉ። ላሚቱን ለጎረቤት አደራ ስለሰጠ ብሎ ተመለሰ።

በግንቦት፣ ዝናቡ ሳያባራ አራተኛ ቀኑን ሲይዝ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስልኩ ጠራ። በረንዳው ላይ ቅል እያጠበ ነበር። ከወዲያ መጀመሪያ የተሰማው የማድረቂያው ጩኸት ነው፤ ተነስቶ ቆመ።

«ምዜ፣ ይሰማዎታል?» አለች ቼፕንጌኖ።

«ይሰማኛል። ጮክ በይ።»

«ቅጠሉ ውሃ ነው። ስክሪኑ ሰማንያ ስድስት ይላል፣ ሽታው ግን ልክ አይደለም። አዲሱ የጠዋት ሰው እንደተወው ነው ያገኘሁት።»

«ጨመቅሽው?»

«ጨመቅኩት። ይጣበቃል።»

«ላዩ ደርቆ ውስጡ ነው የቀረው። ሙቀቱን አትጨምሪ። ቅጠሉን አሳንሺና ቀስ ብሎ ይለፍ።»

«ግራውስ?»

«ግራውን አንቺ ነሽ የምታውቂው።»

የሆነ ነገር አለች፣ ጩኸቱ ዋጠው። ከዚያ «እሺ ምዜ፣ ሥራ ነው» ብላ ዘጋችው። ስልኩን ወዲያው አላወረደም፤ ምንም ድምፅ ባይኖርም ትንሽ ጆሮው ላይ እንዳደረገ ቆየ። ዝናቡ ከሻዩ ማሳ ላይ እየተነሳ ወደ ግቢው ይመጣል። ቅሉን አጥቦ ጨረሰ፣ በረንዳው ላይ ደፋው፣ የላሚቱን ሣር ሊያጭድ ማጭዱን ይዞ ወጣ።